ከአንድ የሕንድ መንደር የሕዝብ ቁጥር በስተጀርባ

ድርቅ በደረሰበት ወይም ሠፈራ በታቀደበት ሥፍራ ሁሉ አስቀድሞ የሚቀርበው ጥያቄ «የሕዝቡ ብዛት ስንት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እህሉ የሚጫነው፣ መጠለያው የሚሠራውና የውሃ ጉድጓዱ የሚቆፈረው በሰው ቁጥር ተሰልቶ ነውና። ይሁን እንጂ የሰው ብዛት ብቻውን የአንድን መንደር አኗኗር አይገልጽም። ማን መሬት እንዳለው፣ ማን ለማን እንደሚሠራ፣ ማን ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚቀዳ፣ በክፉ ቀን ማን የማንን ደጅ እንደሚጠና ካልታወቀ፣ አንድም ሰው ሳይቀር በተቆጠረ መንደር ውስጥ እንኳ እርዳታ የማይደርሰው ወገን ይኖራል።

ይህን ለማብራራት የሕንድን የገጠር መንደር በምሳሌነት መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሕንድ የሕዝብ ቆጠራ የጀመረችው በ1872 ሲሆን፣ ከ1881 እስከ 2011 ድረስ በየአሥር ዓመቱ መንደር በመንደር ስታስቆጥር ኖራለች። ሁለተኛ፣ በጥቂት መንደሮች ላይ ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት እየተመላለሱ፣ የእያንዳንዱን ቤት ሁኔታ መዝግበዋል። በዚህ ጽሑፍ የሕንድን ጉዳይ የሚመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብ እናሳስባለን።

ሁለት መንደሮች፣ አንድ ቁጥር

በሰሜን ሕንድ፣ ኡታር ፕራዴሽ በተባለው ክፍለ ግዛት፣ ሁለት መንደሮች በጥናት ታዋቂ ሆነዋል። የመጀመሪያው ዊልያምና ሻርሎት ዋይዘር የተባሉ ባልና ሚስት ከ1925 ጀምሮ ኖረው ያጠኑት መንደር ነው። አጥኚዎቹ የመንደሩን እውነተኛ ስም ለመሸፈን «ካሪምፑር» ብለው ጠሩት። ሁለተኛው በሞራዳባድ አውራጃ የሚገኘው ፓላንፑር ሲሆን፣ ጥናቱ በ1957–58 ተጀምሮ እስከ 21ኛው ክፍለ ዘመን ዘልቋል። ኒኮላስ ስተርንና ክሪስቶፈር ብሊስ የተባሉት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በ1974–75 ጥናቱን የቀጠሉ ሲሆን፣ በ1983–84 ደግሞ ዣን ድሬዝ ከአንድ ዓመት በላይ በመንደሩ ተቀምጦ አጥንቶታል።

ካሪምፑር በጥናቱ መጀመሪያ 754 ነዋሪዎች ነበሩት። ፓላንፑር በ1974–75 የነዋሪዎቹ ቁጥር 757 ነበር። በሰው ብዛት ሦስት ብቻ የሚለያዩ፣ በአንድ ክፍለ ግዛት የሚገኙ መንደሮች ናቸው። ሪፖርቱን ከቢሮው ሆኖ የሚያነብ ሹም አንድ መጠን ያለው እህል ለሁለቱም ቢመድብ አያስገርምም።

ነገር ግን የካሪምፑር ሕዝብ በ161 ቤተሰብ የተከፈለ ነበር፤ አንድ ቤተሰብ በአማካይ አምስት ሰው አይሞላም ማለት ነው። የፓላንፑር ሕዝብ ግን በ112 ቤተሰብ የተሰባሰበ ስለ ነበር፣ አንዱ ቤተሰብ ወደ ሰባት የሚጠጉ ሰዎችን ይይዝ ነበር። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ኩንታል ቢታደል፣ በፓላንፑር የሚኖረው ሰው በካሪምፑር ከሚኖረው ይልቅ እጅግ ያነሰ ይደርሰው ነበር። ቁጥሩ ሳይሳሳት ክፍፍሉ የሚሳሳተው በዚህ ዓይነት ነው።

የቆጠራው ቅጽ የሚናገረውና የማይናገረው

በ2011 ቆጠራ መሠረት የሕንድ ሕዝብ 1 ቢሊዮን 210 ሚሊዮን ያህል ነበር። ከዚህም ውስጥ ከመቶ 69 የሚሆነው፣ ማለትም 833 ሚሊዮን ያህሉ፣ የገጠር ነዋሪ ነበር። ሰው የሚኖርባቸው መንደሮች ወደ 600,000 የሚጠጉ ሲሆን፣ አንዱ መንደር በአማካይ 1,400 ያህል ሰው ይይዛል። በ2021 መካሄድ የነበረበት ቆጠራ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቷል።

ቆጠራው ስለ አንዲት ትንሽ መንደር የሚያወጣው ሠንጠረዥ በሁሉም ሥፍራ አንድ ዓይነት ነው። በመጀመሪያ የቤተሰቡ ብዛት ይሰፍራል። ቤተሰብ ማለት ከአንድ ወጥ ቤት የሚመገቡ ሰዎች ናቸው። ቀጥሎ የወንድና የሴት ቁጥር፣ ከዜሮ እስከ 6 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት፣ ዕድሜያቸው 7 ዓመትና ከዚያ በላይ ሆኖ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሰዎች፣ በመጨረሻም ሠራተኞች በየዓይነታቸው ይዘረዘራሉ። በዓመቱ ውስጥ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የሠራ «ዋና ሠራተኛ» ሲባል፣ ከዚያ ያነሰ የሠራው ለብቻው ይመዘገባል። ሠራተኞቹም በአራት ይከፈላሉ፤ እነርሱም ገበሬዎች፣ በሰው መሬት ላይ በምንዳ የሚሠሩ የእርሻ ሠራተኞች፣ የጎጆ እንዱስትሪ ሠራተኞችና ሌሎች ናቸው።

ይህ ክፍፍል ቀላል መስሎ ቢታይም ከፍተኛ ቁም ነገር አለው። በ2001 ቆጠራ የገበሬዎች ቁጥር 127 ሚሊዮን፣ በምንዳ የሚሠሩት ደግሞ 107 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። በ2011 ግን ገበሬዎቹ ወደ 119 ሚሊዮን ዝቅ ሲሉ፣ የእርሻ ሠራተኞቹ ከ144 ሚሊዮን በላይ ሆኑ። በሌላ አነጋገር፣ በሕንድ ገጠር የራሱን ወይም የተከራየውን ማሳ ከሚያርሰው ሰው ይልቅ የሌላውን ማሳ በቀን ሒሳብ የሚያርሰው በልጧል። «የገጠር ሕዝብ» ሲባል ሁሉም ገበሬ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በሠንጠረዡ ውስጥ የሚገኙ ሌሎች ሁለት ዓምዶች የማኅበራዊ አቋምን ነገር ይመለከታሉ። አንደኛው በሕግ ተለይተው በዝርዝር የተመዘገቡትን፣ ቀድሞ «የማይነኩ» ይባሉ የነበሩትን ዝቅተኛ ካስቶች ይቆጥራል። ሁለተኛው እንደዚሁ በዝርዝር የተመዘገቡትን ነባር ጎሣዎች ይቆጥራል። በ2011 የመጀመሪያዎቹ ከመላው ሕዝብ ከመቶ 16.6፣ ሁለተኛዎቹ ከመቶ 8.6 ነበሩ። የቀሩት ካስቶች በሙሉ ግን በስማቸው አይታዩም። የሁሉም ካስቶች ዝርዝር ተሟልቶ የታተመው ለመጨረሻ ጊዜ በ1931 ቆጠራ ሲሆን፣ መንግሥት በ2027 በሚደረገው ቆጠራ ካስት እንደገና እንደሚመዘገብ በ2025 አስታውቋል።

ካስትና የሥራ ክፍፍል

ካስት ሰው በትውልድ የሚወርሰው ማኅበራዊ መደብ ነው። ጋብቻ በካስቱ ውስጥ ይፈጸማል። ብዙዎቹ ካስቶች በአንድ የሙያ ስም ይታወቃሉ። በአገራችን ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ በሙያቸው ምክንያት ይደርስባቸው የነበረውን ንቀት የሚያስታውስ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። በሕንድ ግን ሥርዓቱ በእያንዳንዱ መንደር ውስጥ በብዙ ደረጃዎች የተደራጀ ነው።

በካሪምፑር 754ቱ ሰዎች በ24 ካስቶች የተከፈሉ ነበሩ። የመሬቱ ዋነኛ ባለይዞታዎች ብራህማኖች ነበሩ። አናጢው፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ ልብስ አጣቢው፣ ሸክላ ሠሪው፣ ጠራጊውና ሌሎቹም እያንዳንዳቸው ከአባት የወረሷቸው ደንበኞች ነበሯቸው። አናጢው የገበሬውን ሞፈርና ቀንበር ዓመቱን ሙሉ ይጠግናል፤ በየቀኑ ገንዘብ አይጠይቅም። አዝመራ ሲሰበሰብ ግን የታወቀ ድርሻውን ከአውድማው ላይ በእህል ይቀበላል። ዋይዘር በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን «ጃጅማኒ» የተባለ ሥርዓት በዝርዝር ገልጾታል።

የሥርዓቱ ሁለት ገጽታ ለእርዳታ ሠራተኛ መታወቅ አለበት። በደህና ዘመን መሬት የሌለው ሰው እህል እንዲያገኝ ያደርጋል። ባለመሬቱ አዝመራ ባጣ ጊዜ ግን የአናጢው፣ የአጣቢውና የጠራጊው ድርሻ አብሮ ይጠፋል። እነዚህ ሰዎች የደረቀ ማሳ የላቸውም፤ ስለዚህ የሰብል ጉዳት በሚመዘገብበት ቅጽ ላይ ስማቸው አይገኝም። ጉዳታቸው ግን ከባለማሳው ጉዳት ያነሰ አይደለም።

የመኖሪያ አቀማመጥም የዚሁ ክፍፍል ነጸብራቅ ነው። በብዙ የሕንድ መንደሮች ዳሊት በመባል የሚታወቁት ዝቅተኛ ካስቶች ከመንደሩ ዳር፣ ተለይቶ በቆመ ሠፈር ይኖራሉ። ውሃ የሚቀዱበትም ጉድጓድ ለብቻ ሆኖ ኖሯል። ቦምቤይ ውስጥ የሚገኘው የሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1923 የሕዝብ ውሃ ለሁሉም ክፍት እንዲሆን ወሰነ። የመሐድ ከተማ አስተዳደርም ውሳኔውን ተቀበለ። ሆኖም ዳሊቶች ከከተማዋ ኩሬ ለመቅዳት አልቻሉም ነበር። በመጋቢት 1927 ዶክተር ቢ. አር. አምቤድካር ብዙ ሺህ ሰዎችን አስከትሎ ከኩሬው ውሃ የጠጣው ይህን ለመቃወም ነው። የነፃይቱ ሕንድ ሕገ መንግሥት በ1950 በ17ኛው አንቀጹ «አለመነካካትን» አስቀርቷል። ይሁንና ዘመን የጠገበ ልማድ ከሕግ ይልቅ ዘግይቶ ይሞታል። በድርቅ ጊዜ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ በመንደሩ መካከል አስቆፍሮ «መንደሩ ውሃ አገኘ» ብሎ ሪፖርት ማድረግ፣ በዳር ያለው ሠፈር ለመቅዳት መቻሉን ሳያረጋግጡ ከሆነ፣ ሥራውን በግማሽ መተው ነው።

ፓላንፑር በሃምሳ ዓመት

ፓላንፑር በባቡር ሐዲድ አጠገብ የምትገኝ፣ ስንዴና ሸንኮራ አገዳ የምታመርት መንደር ናት። በነዋሪዎቿ መካከል ሦስት ካስቶች ጎልተው ይታያሉ። ታኩሮች ከድሮም የባላባትና የጦረኛ ወገን የሚባሉ ሲሆን፣ በሰው ማሳ ተቀጥሮ መሥራትን እንደ ውርደት ይቆጥሩ ነበር። ሙራዎች በአራሽነታቸው የታወቁ ናቸው፤ በትጋታቸውም መሬት ለመጨመር ችለዋል። ጃታቦች ቀድሞ በቆዳ ሥራ ይታወቁ የነበሩ፣ ከመንደሩ ድሆች መካከል በዝቅተኛው ደረጃ የቆዩ ናቸው። ከነዚህ ሌላ ጋዳሪያ የተባሉ እረኞች፣ ዲማር የተባሉ ውሃ ቀጂዎች፣ እንዲሁም ቴሊ የተባሉ ዘይት ጨማቂዎችና ዶቢ የተባሉ ልብስ አጣቢዎች ይገኛሉ።

ቴሊዎችና ዶቢዎች እስላሞች ናቸው። በሕንድ ሕግ በዝቅተኛ ካስት ዝርዝር ሊመዘገቡ የሚችሉት የሂንዱ፣ የሲክና የቡድሃ እምነት ተከታዮች ብቻ ስለሆኑ፣ እስላሙ ልብስ አጣቢ ምንም ያህል ድሃ ቢሆን በዚያ ዓምድ ውስጥ አይታይም። ከሌላው ሕዝብ ጋር ተደባልቆ ይቆጠራል። ዝርዝሩን ብቻ ይዞ ድሃን የሚፈልግ ሠራተኛ በዚህ ሰው ደጅ ሳይገባ ያልፋል ማለት ነው።

የመንደሩ ሕዝብና የቤተሰቡ ብዛት በየጥናቱ ጊዜ የሚከተለው ነበር።

በ1957–58፦ 528 ሰው፣ 100 ቤተሰብ
በ1974–75፦ 757 ሰው፣ 112 ቤተሰብ
በ1983–84፦ 960 ሰው፣ 143 ቤተሰብ
በ1993፦ 1,133 ሰው፣ 193 ቤተሰብ
በ2008–09፦ 1,255 ሰው፣ 233 ቤተሰብ

እነዚህ ቁጥሮች በጥሞና ሲታዩ ሁለት ታሪክ ይናገራሉ። በመጀመሪያዎቹ 17 ዓመታት ሕዝቡ ከመቶ 43 ሲጨምር ቤተሰቡ የጨመረው ከመቶ 12 ብቻ ነው። ያገቡ ወንድማማቾች ከአባታቸው ጋር በአንድ ማዕድ ይቀርቡ ነበር ማለት ነው። ከ1983–84 እስከ 2008–09 ባለው ጊዜ ግን ሕዝቡ ከመቶ 31 ሲጨምር ቤተሰቡ ከመቶ 63 ጨመረ። ምድጃው ተለያየ፤ ማሳውም ተከፋፈለ። መንደሪቱ በዚያ ሁሉ ጊዜ አዲስ ምድር ስላላገኘች፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው መሬት በሃምሳ ዓመት ውስጥ ከግማሽ በታች ሆነ።

ሕዝቡ በጠበበ መሬት ላይ እንዴት ኖረ? አንደኛው ምክንያት መስኖ ነው። በበሬ ይዞር የነበረው የውሃ መሳቢያ መንኰራኩር በናፍጣ ሞተር እየተተካ ሄዷል። በዓመት ሁለት ጊዜ ማምረትም ተለመደ። ሁለተኛው የእኩል እርሻ ነው። ባለመሬቱ ማሳውን ሰጥቶ ምርቱን ከአራሹ ጋር እኩል ይካፈላል። ስለዚህ «ባለመሬት» እና «አራሽ» ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። ሦስተኛው ከመንደር ውጭ የሚገኝ ሥራ ነው። ወንዶቹ በጡብ ማቃጠያ፣ በፋብሪካ፣ በባቡርና በግንባታ ሥራ ተሰማሩ። በመንደሩ መዝገብ ላይ ስማቸው ያለ፣ ሌሊቱን ግን በሌላ ከተማ የሚያድሩ ሰዎች በዙ።

ሴቶች በመዝገቡ ውስጥ

በ2011 ቆጠራ በሕንድ ለ1,000 ወንድ 943 ሴት ተገኝታለች። ከዜሮ እስከ 6 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ለ1,000 ወንድ 919 ሴት ብቻ ነበረች። በተፈጥሮ ሕፃናት ሴቶች ከወንዶቹ ይልቅ በሕይወት የመቆየት አቅም ሲኖራቸው የዚህን ያህል መጉደላቸው፣ ሴት ልጅ ከመወለዷም በፊት ሆነ ከተወለደች በኋላ የሚደርስባትን በደል የሚመሰክር ነው።

በሰሜን ሕንድ ልማድ ልጃገረድ የምትዳረው ከተወለደችበት መንደር ውጭ ነው። ስለዚህ በአንዲት መንደር ከሚገኙት ባለትዳር ሴቶች አብዛኛዎቹ ከሌላ መንደር የመጡ ናቸው። የመሬት መብትም በአብዛኛው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ሲተላለፍ ኖሯል። ባሏ የሞተባት ወይም ሥራ ፍለጋ የሄደባት ሴት የራሷ ዘመድ በቅርብ የላትም። በመዝገቡም ላይ የቤተሰቡ አለቃ ሆና ላትጻፍ ትችላለች። የእርዳታ ካርድ በአባወራ ስም ብቻ በሚሰጥበት ቦታ ይህች ሴት ከአማቷ ወይም ከባሏ ወንድም እጅ ጠባቂ ትሆናለች።

ድርቅ ሲመጣ የሚቀድመው ማን ነው?

በሕንድ ረሃብን እንዲመረምር የተቋቋመው የ1880 ኮሚሽን ድርቅ በመጀመሪያ የሚያጠፋው የእርሻን ሥራ መሆኑን፣ ስለዚህም አስቀድመው የሚጎዱት በምንዳ የሚኖሩት መሆናቸውን አስገንዝቧል። ከዚያ በኋላ የወጡት የረሃብ ደንቦች ይህን ተከትለው ሥራ ለሚችለው የሕዝብ ሥራ እንዲከፈትለት፣ ለማይችለው ደግሞ በየመንደሩ ስም ዝርዝር ተዘጋጅቶ እህል ወይም ገንዘብ እንዲሰጠው ደነገጉ። ማሃራሽትራ ከ1970 እስከ 1973 በድርቅ በተመታ ጊዜ በዚሁ መንገድ ተሠርቶበታል። በግንቦት 1973 በሕዝብ ሥራ የተሰማራው ሰው ወደ 5 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር።

በ1943 በቤንጋል የደረሰው ረሃብ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ፈጅቷል። አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ይበልጥ የተጎዱት ዓሣ አጥማጆች፣ የእርሻ ሠራተኞች፣ የማጓጓዣ ሠራተኞችና የእጅ ሥራ ሰዎች ነበሩ። የሩዝ ዋጋ ሲንር ፀጉር አስተካካዩ በአንድ ሰው ፀጉር የሚገዛው ሩዝ እጅግ አነሰ። ሩዙን በእጁ የያዘው ገበሬና የእኩል አራሹ በአንጻሩ የተሻለ ኑሮ ነበራቸው።

ይኸው መጽሐፍ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰውን ረሃብ የሚመለከት ምዕራፍ አለው። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደ ረሃቡ ስፋት አለመናሩን ገልጾ፣ ሰብሉ የጠፋበት ሕዝብ ከሌላ ቦታ የሚመጣውን እህል የሚገዛበት ገንዘብ እንዳልነበረው ያስረዳል። ገበያው ጸጥ ማለቱ ሕዝቡ ለመጥገቡ ማስረጃ አልነበረም።

መንደር በሚነሣበት ጊዜ

የማኅበራዊ አቋም ጥናት ይበልጥ የሚያስፈልገው መንደር ከቦታው በሚነሣበት ጊዜ ነው። ለዚህ በናርማዳ ወንዝ ላይ የተሠራው የሳርዳር ሳሮቫር ግድብ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። በ1979 የተሰጠው የዳኝነት ጉባኤ ውሳኔ መሬታቸው በውሃ ለሚዋጥባቸው ባለይዞታ ቤተሰቦች ቢያንስ 2 ሄክታር መሬት እንዲሰጥ አዝዟል። ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ልጅም እንደ ራሱን የቻለ ቤተሰብ እንዲቆጠር ተደንግጓል። ይህ ከብዙ ቀደምት ደንቦች የተሻለ ነበር።

ነገር ግን ውሳኔው ሁለት ወገኖችን አልፏል። አንደኛው መሬት አልባው ነው። በአካባቢው የነበሩ ነባር ጎሣዎች ለትውልድ ያረሱት መሬት በመንግሥት መዝገብ የጫካ መሬት ተብሎ ስለ ተጻፈ፣ አራሾቹ ባለይዞታ ሳይሆኑ ሕገ ወጥ ሠፋሪዎች ተብለው ተቆጠሩ። ጉጃራት ለመሬት አልባዎችና ለነዚህ ሰዎች ጭምር 2 ሄክታር ለመስጠት የወሰነችው ከብዙ ሙግት በኋላ በ1987 ነው። ሁለተኛው ወገን ለአካለ መጠን የደረሰች ሴት ልጅ ናት። ወንድሟ ቤተሰብ ተብሎ ሲቆጠር እርሷ አልተቆጠረችም። ከዚህም ሌላ ከአንድ መንደር የተነሡ ሰዎች በተለያዩ ቦታዎች ሲሠፍሩ፣ እህል የሚያበድረው፣ በሬ የሚያውሰውና ሙት የሚቀብረው ጎረቤት ተበታትኖ ቀርቷል። የመሬት ካሣ በሄክታር ይሰላል፤ ጎረቤት ግን በምንም አይሰላም።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ የሰው ቆጠራ ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም። ቆጠራ ባይኖር ኖሮ የሴት ሕፃናት ጉድለትም ሆነ የመሬት አልባው መብዛት ባልታወቀ ነበር። በ1992 የጸደቀው የሕንድ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ በመንደር ምክር ቤቶች ለዝቅተኛ ካስቶች እንደ ቁጥራቸው፣ ለሴቶችም ቢያንስ አንድ ሦስተኛ መቀመጫ እንዲያዝ ያደረገው ቁጥሩ በመኖሩ ነው። የሚያስፈልገው ከቁጥሩ ጋር ጥቂት ጥያቄዎችን ጨምሮ መጠየቅ ነው።

አንደኛ፣ በመንደሩ ውስጥ ስንት ምድጃ ይነዳል? በእያንዳንዱስ ስንት ሰው ይመገባል?

ሁለተኛ፣ መሬት ያለው፣ በእኩል የሚያርሰውና ምንም የሌለው እያንዳንዳቸው ስንት ናቸው?

ሦስተኛ፣ ያለ መሬት የሚኖረው ሰው ኑሮውን ከማን፣ በእህል ወይስ በገንዘብ ያገኛል? ያ ምንጭ ቢደርቅ ወዴት ይሄዳል?

አራተኛ፣ ከየትኛው ውሃ ማን ይቀዳል? የማይቀዳውስ ማን ነው?

አምስተኛ፣ ባል የሌላቸው ወይም ባላቸው በሩቅ ያለ ሴቶች በማን ስም ተመዝግበዋል?

እነዚህ ጥያቄዎች ለመንደሩ ሹም ብቻ የሚቀርቡ መሆን የለባቸውም። ሹሙ የሚያውቀው በደጁ የሚያልፈውን ነው። ዝርዝሩ ከተዘጋጀ በኋላ በመንደሩ መካከል አንድ ጊዜ፣ በዳር ባለው ሠፈር ደግሞ ሌላ ጊዜ ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። ስሙ የቀረ ሰው ካለ፣ ወይም ስሙ የተጻፈ ግን በዚያ የማይኖር ሰው ካለ፣ ከማንም በፊት የሚናገረው ጎረቤቱ ነው። መዝጋቢው ይህን ለመስማት ግማሽ ቀን ቢያጠፋ፣ በኋላ እህል የሚያድለው ሠራተኛ ከብዙ ቀን ጭቅጭቅ ይድናል፤ ከመዝገቡ ውጭ የቀረውም ሰው ከረሃብ ይድናል።